ሲበላሽ ማን ያበጅልናል?

የንባብ ክፍል፦ 1ኛ ሳሙኤል 13፥19–22፤ ዘጸአት 35፥30–35፤ 2ኛ ነገሥት 12፥4–15



ዛሬ የምናካፍላችሁ ሐሳብ የመነጨው ከተበላሸ የጊታር አምፕሊፋየር ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በየአጥቢያው መድረክ ጥግ ጨርቅ ለብሶ የተቀመጠ አንድ የማይሠራ ዕቃ አይታጣምና፣ ብዙዎቻችሁ ራሳችሁን በዚህ ታሪክ ውስጥ እንደምታገኙት እናምናለን። ከታሪኩ በፊት ግን ወደ ቃሉ እንሂድ።

በሳኦል ዘመነ መንግሥት መጀመሪያ የእስራኤል ሕዝብ ንጉሥ ነበረው፤ የሚከተለውም ሠራዊት ነበረው። ገበሬው ማረሻ፣ እንጨት ቆራጩ መጥረቢያ፣ አጫጁ ማጭድ ነበረው። ያጡት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ብረት ሠሪው። ፍልስጥኤማውያን ዕብራውያን ሰይፍና ጦር እንዳያበጁ ብለው ይህን ሙያ ከምድሪቱ አጥፍተውት ነበር። ስለዚህ የእስራኤል ገበሬ ማረሻው በዶለዶመ ቁጥር ወደ ጠላቱ መንደር ይወርዳል፤ እዚያም ከፍሎ ያስላል። ዋጋው በዕብራይስጡ “ፒም” ይባላል። የሥነ ቁፋሮ ባለሙያዎች ይህ ቃል የተቀረጸባቸውን ትናንሽ የድንጋይ ሚዛኖች አግኝተዋል፤ እያንዳንዳቸው ወደ 7.8 ግራም ይመዝናሉ፤ ይህም የሰቅል ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። ጦርነቱ በመጣ ቀን ግን የሕዝቡ ችግር ከገንዘብ በላይ ሆነ። ከዚያ ሁሉ ሠራዊት መካከል ሰይፍና ጦር የነበራቸው ሳኦልና ልጁ ዮናታን ብቻ ነበሩ።

አንድ ሕዝብ በእጁ ያለውን ዕቃ ማበጀት ካልቻለ፣ ዕቃው የእርሱ ነው ለማለት ያስቸግራል። ይህን ክፍል ለዓመታት ስናነበው እንደ ጦርነት ታሪክ ብቻ አልፈነው ነበር። ባለፈው ዓመት በአጥቢያችን የሆነው ነገር ግን በሌላ ዓይን እንድናየው አደረገን።

ደብዳቤና መልሱ

የምናገለግልባት አጥቢያ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ለቡ አካባቢ የምትገኝ ናት። ጉባኤው ትልቅ አይደለም። የአምልኮ ቡድኑም መሣሪያ ጥቂት ነው፦ አንድ ኪቦርድ፣ ሊድ ጊታር፣ ቤዝ ጊታር፣ ድራም፣ አንድ ሚክሰርና ሁለት ስፒከር። የቤዝ ጊታሩን አምፕሊፋየር ምእመናን ሁለት ዓመት ያህል አዋጥተው ከከተማችን አንድ ሱቅ ገዙት። የአንድ ዓመት ዋስትና ነበረው። በስድስተኛው ወር፣ አንድ ረቡዕ ማታ በጸሎት ሰዓት መብራት ሄደ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ መብራቱ ሲመለስ አምፕሊፋየሩ አንዴ “ጧ” ብሎ ዝም አለ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ በአዳራሹ ሞላ።

ሱቁ መጀመሪያ በደንብ ተቀበለን። ዕቃውን ካየ በኋላ ግን “መብራት ያቃጠለውን ዋስትናው አይሸፍንም” አለን። ለጥገናስ? “እኛ እንሸጣለን እንጂ አንጠግንም።” መለዋወጫስ? “ፋብሪካውን ጠይቁ።”

ፋብሪካውን ጠየቅን። ስሙን እዚህ አንጠራውም፤ በዓለም ዙሪያ የታወቀ ነው። የሞዴሉን ቁጥር፣ የመለያ ቁጥሩን፣ ደረሰኙንና የተቃጠለውን ቦርድ ፎቶ አያይዘን በኢሜይል ላክን። ከሦስት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ፤ በአገራችሁ ወዳለው ፈቃድ ወዳለው የጥገና ማዕከላችን ውሰዱት የሚል። የማዕከላቱን ዝርዝር ከፈትን፤ ኢትዮጵያ የለችበትም። ይህንኑ ጽፈን መለስን። ሁለተኛው መልስ የገዛችሁበትን ሱቅ አነጋግሩ አለን። እንግዲያውስ የዕቃውን የውስጥ አሠራር ንድፍ ብቻ ላኩልን፤ እዚሁ እንሞክራለን አልን። ሦስተኛው መልስ ንድፉ የሚሰጠው ለማዕከላቱ ብቻ እንደሆነ፣ ቦርዱም ለግለሰብ እንደማይሸጥ ነገረን። መልሶቹ ሁሉ በትሕትና የተጻፉ ነበሩ። “ውድ ደንበኛችን” ብለው ይጀምራሉ፤ መልካም ቀን ተመኝተውልን ያበቃሉ።

ከዚያ መርካቶ ወሰድነው። አንድ ቴክኒሻን ፊውዙን ለወጠልን፤ ሁለት እሑድ ሠርቶ በሦስተኛው በመዝሙር መካከል ዝም አለ። ሌላው ከፍቶ አየና “አይሲው ነው፤ አገር ውስጥ የለም፤ ያለውም ፎርጅድ ነው” ብሎ በሐቀኝነት መለሰልን። ይህ ሁሉ አሥራ አንድ ሳምንት ወሰደ። በእነዚህ ሳምንታት ቤዝ ጊታሩን በቀጥታ ወደ ሚክሰሩ እየሰካን ስናመልክ፣ ያረጁት ስፒከሮች ወፍራሙን ድምፅ መሸከም አቅቷቸው ይንጫጩ ነበር። ቤዝ የሚመታው የአሥራ ሰባት ዓመት ወንድማችን መጨረሻ ላይ ጊታሩን ከነቦርሳው ግድግዳ አስደግፎ ከምእመናን ጋር መቀመጥ ጀመረ።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም

የጊታር አምፕሊፋየር ታሪክ የተጀመረው በጥገና ሱቅ ውስጥ መሆኑን ስናውቅ ተገረምን። ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1946 በካሊፎርኒያ በስሙ የሚጠራውን ኩባንያ ከማቋቋሙ በፊት፣ ፉለርተን በምትባል ከተማ ራዲዮ የሚጠግንበት ሱቅ ነበረው። ጂም ማርሻል በለንደን የሙዚቃ መሣሪያ ሱቁ እ.ኤ.አ. በ1962 የመጀመሪያውን አምፕሊፋየሩን ሲያሠራ፣ ከሠሪዎቹ አንዱ በሱቁ የጥገና ሥራ ይሠራ የነበረው ኬን ብራን ነው። የሚሠሩትም የሚጠግኑት ሰዎች ስለ ነበሩ፣ በዚያ ዘመን የተሠሩት ዕቃዎች ለመከፈትና ለመታየት የተመቹ ነበሩ። በፌንደር አምፕሊፋየሮች ሣጥን ውስጥ የትኛው ቲዩብ የት እንደሚገባ የሚያሳይ ወረቀት ተለጥፎ ይመጣ ነበር። ገዢው ከፍቶ እንደሚያይ ሠሪው ያውቅ ነበር ማለት ነው።

የዛሬዎቹ ብዙዎቹ ከዚህ ይለያሉ። ክፍሎቻቸው እንደ ጤፍ ያነሱ ሆነው በማሽን ቦርድ ላይ የተለጠፉ ናቸው፤ ሥራቸውንም የሚመራው በውስጡ የተጫነ ሶፍትዌር ነው። ሲበላሽ ቦርዱ እንዳለ ይለወጣል እንጂ አይጠገንም። ፋብሪካው ያንን ሞዴል ማምረት ሲያቆም ቦርዱም አብሮ ያልቃል። ለድሮዎቹም ቢሆን ቀላል አይደለም። አምፖል የሚመስለው የመስታወት ቲዩብ ዛሬ በአብዛኛው የሚመረተው በሩሲያ፣ በስሎቫኪያና በቻይና ባሉ ጥቂት ፋብሪካዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሩሲያ ቲዩብ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ለጊዜው ባገደች ጊዜ፣ የአሜሪካና የአውሮፓ ጊታሪስቶች እንኳ ተደናግጠው ያለውን ለመግዛት ተሻምተዋል።

የሀብታም አገር ሰዎችም ስለዚህ ጉዳይ ሲጮኹ ኖረዋል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 አምራቾች አንዳንድ ዕቃዎችን በተመጣጣኝ ዋጋ እንዲጠግኑ የሚያስገድድ መመሪያ አውጥቷል፤ የልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ ማቀዝቀዣና ስልክ በዝርዝሩ አሉበት፤ የጊታር አምፕሊፋየር የለበትም። በእኛም አገር በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ ለገዛ ሰው መብት ይሰጣል። ነገር ግን የአብዛኞቹ አጥቢያዎች መሣሪያ ወንድሞችና እኅቶች ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ በሻንጣ ይዘውት የመጡት ነው። በፍቅር የተሰጠ ስጦታ ደረሰኝ የለውም፤ የሚጠየቅ ሻጭም የለውም።

በዚህ ላይ የብር ነገር ተጨመረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ምእመናን ሁለት ዓመት ያዋጡለት ዕቃ ዛሬ ይገዛ ቢባል ያ ገንዘብ ግማሹንም አይሸፍንም።

የእማማ ጥያቄ

ጉዳዩ ወደ ሽማግሌዎች ስብሰባ ቀረበ። የቀረበው ሐሳብ አጭር ነበር፦ በዓመቱ መጨረሻ ለገጠር የወንጌል ስርጭት ከተያዘው ገንዘብ ተወስዶ አዲስ አምፕሊፋየር ይገዛ፤ ገንዘቡ በኋላ ይተካል። ተቃውሞ አልበዛም። ወጣቶቹ እየሸሹ ነው፤ አምልኮውም ተዳክሟል የሚለው ክርክር ከባድ ነበር።

በስብሰባው ላይ የዲያቆናት ክፍልን ወክለው የተገኙ፣ ሁላችንም “እማማ” የምንላቸው እናት ነበሩ። ሲያዳምጡ ቆይተው “ልጆቼ፣ እኔ ስለዚህ ዕቃ አላውቅም” አሉ። “ግን አዲሱስ ሲበላሽ ማን ያበጅልናል?”

ማንም መልስ አልነበረውም። መብራቱ ያው መብራት ነው። ሱቁ ያው ሱቅ፣ ፋብሪካውም ያው ፋብሪካ ነው። በስድስት ወር ውስጥ ወደዚያው ጠረጴዛ እንመለስ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ግን የወንጌሉም ገንዘብ የለም። ሽማግሌዎቹ ውሳኔውን ለአንድ ወር አቆዩትና በሚቀጥለው እሑድ ከማስታወቂያ ጋር አንድ ጥያቄ ለጉባኤው ተነበበ፦ ከመካከላችሁ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚጠግን አለ?

ከኋላ ወንበር አንድ እጅ ወጣ።

ይህ ወንድም ጀሞ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ስልክ ይጠግናል። ኤሌክትሮኒክስ የተማረው በቴክኒክና ሙያ ነው። ስድስት ዓመት ከእኛ ጋር አምልኳል። ዕቃውን ለማየት ቅዳሜ ሲመጣ ከመካከላችን አንዱ “እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከንም?” አለው። እርሱም “መዝሙር አልችልም፤ ማስተማርም አልችልም። ጸጋ ያላቸው ሰዎች እዚያ ላይ ያሉት ናቸው ብዬ ነበር” አለና ወደ መድረኩ አመለከተ።

አራት ቅዳሜ ፈጀበት። ንድፍ ስላልነበረው በመልቲሜትር እየለካ የቦርዱን መስመር አንድ በአንድ በእርሳስ ደብተር ላይ ሣለ። የተቃጠለው የፓወር ሰፕላዩ ክፍል እንደሆነና ከእርሱ ጋር ሁለት ትራንዚስተሮች እንደሄዱ ደረሰበት። “አገር ውስጥ የለም” የተባለው አይሲ ግን ደህና ነበር። የሚያስፈልገውን ለማግኘት መርካቶ ምናለሽ ተራ ወረደ፤ የተጣለ ሁሉ ሌላ ሥራ የሚያገኝበትን ያን ሰፈር የማያውቅ አዲስ አበቤ የለም። ከአንድ የሞተ አምፕሊፋየር ውስጥ ተመሳሳይ ክፍሎች አወጣ። መለዋወጫው በጠቅላላ 1,400 ብር ወጣበት። በአምስተኛው ቅዳሜ ቤዝ ጊታሩ ተሰካ፤ ድምፁ ወጣ። ሁሉም ነገር አልተመለሰም፤ ከሁለቱ መሰኪያዎች አንዱ እስከ ዛሬ አይሠራም። የአሥራ ሰባት ዓመቱ ወንድማችን ግን ለአንዱ ጊታሩ አንዱ መሰኪያ ይበቃዋል። የወንጌል ስርጭቱም ገንዘብ ሳይነካ ለታሰበለት ሥራ ዋለ።

ባስልኤል መዘምር አልነበረም

ይህ ወንድም “ጸጋ ያላቸው እዚያ ላይ ያሉት ናቸው” ያለው ቃል ከአምፕሊፋየሩ መበላሸት በላይ አሳስቦናል። እንዲህ ብሎ የሚያስብ ሰው በየጉባኤው ስንት ይሆን?

በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ በእግዚአብሔር መንፈስ ተሞላ ተብሎ በግልጽ ከተነገረላቸው የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ባስልኤል ነው። ነቢይ አልነበረም፤ ካህንም አልነበረም፤ ዘማሪ እንደ ነበረም አልተጻፈም። የእጅ ባለሙያ ነበር፤ ወርቅ፣ ብርና ናስ የሚሠራ፣ ድንጋይና እንጨት የሚቀርጽ። መንፈሱ የተሰጠው ለዚህ ሥራ ነው። ዘጸአት 35፥34 ደግሞ ብዙ ጊዜ የማናስተውለውን ነገር ይጨምራል፤ እግዚአብሔር እርሱና ኤልያብ ሌሎችን እንዲያስተምሩም በልባቸው አኖረ። በግብፅ ጡብ ሲያስረግጧቸው የኖሩ ሰዎች ልጆች በምድረ በዳ ለድንኳኑ የጥበብ ሥራ ወደ ግብፅ መመለስ አላስፈለጋቸውም። ሙያው በመካከላቸው ነበር፤ እንዲቀጥልም ተማሪ ተሰጠው።

ሁለተኛው ምሳሌ ስለ ገንዘብ ነው። ንጉሥ ኢዮአስ የእግዚአብሔር ቤት የፈረሰው እንዲጠገን አዘዘ። ገንዘብ ይገባ ነበር። ካህናቱም በቦታቸው ነበሩ፤ መሥዋዕቱም ይቀርብ ነበር። ይሁን እንጂ እስከ ንጉሡ 23ኛ ዓመት ድረስ ፍራሹ አልተጠገነም። ካህኑ ዮዳሄ መክደኛው ላይ ቀዳዳ ያለው ሣጥን በመሠዊያው አጠገብ እስኪያኖር፣ ገንዘቡም ለጥገና ብቻ ተለይቶ በቀጥታ ለአናጢዎች፣ ለግንበኞችና ለድንጋይ ጠራቢዎች መሰጠት እስኪጀምር ድረስ የተለወጠ ነገር አልነበረም። ሠራተኞቹ ተከፈላቸው። ታምነውም ስለ ነበር ሒሳብ አልተቆጣጠሯቸውም። ለጥገና ተለይቶ ያልተቀመጠ ገንዘብ ሁልጊዜ ሌላ የሚያስቸኩል ነገር ይበላዋል፤ በኢዮአስ ዘመንም እንዲሁ ነበር።

የእኛ ወንድም “ለጌታ ቤት ነው” ብሎ ዋጋ አልቀበልም አለ። ሽማግሌዎቹ ግን ይህን ክፍል አንብበውለት ከፈሉት። አራት ቅዳሜ ሱቁን ዘግቷል፤ ሚስትና ልጅ አለው። ለመድረክ ተጋባዥ ዘማሪ የትራንስፖርት አበል የምትሰጥ ቤተ ክርስቲያን የጠጋኙን እጅ በነጻ ልትወስድ አይገባትም።

ያለ አምፕሊፋየርስ?

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ እንደሚነሳ እናውቃለን። አባቶቻችን በደርግ ዘመን ያለ ሚክሰርና ያለ ስፒከር አምልከው የለምን? እውነት ነው። በጥር 1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ስትዘጋ ንብረቷ ተወሰደ፤ አማኞቿ በየቤቱ በጥቂት በጥቂት ሆነው፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያመልኩ ነበር። 5,000 ገደማ የነበሩት አማኞች ደርግ በወደቀበት ጊዜ ወደ 34,000 ደርሰው ተገኙ። ያን ቤተ ክርስቲያን ያሳደገው የድምፅ መሣሪያ አይደለም። አምፕሊፋየር አምልኮን አይፈጥርም፤ መጥፋቱም አምልኮን አያጠፋም።

ነገር ግን ከዚያ ዘመን ሌላም ትምህርት አለ። እነዚያ አማኞች የተወሰደባቸውን ነገር በጸጋ ተሸከሙ፤ የቀረላቸውን ደግሞ በጥንቃቄ ያዙ። አንዲት መጽሐፍ ቅዱስ ገጿ ሲላቀቅ ተሰፍታ፣ በእጅ ተገልብጣ ከቤት ወደ ቤት ትዞር ነበር። ያለ ዕቃ ማምለክ መቻል፣ የተሰጠን ዕቃ እንዲሁ እንዲበሰብስ ለመተው ምክንያት አይሆንም። የቤዝ አምፕሊፋየሩ የአንድ ሀብታም ስጦታ አይደለም። ጉልት ከሚሸጡ እናቶችና የቀን ሥራ ከሚሠሩ ወንድሞች መቀነት የወጣ ሃምሳና መቶ ብር ነው።

ለአጥቢያዎች ጥቂት ምክር

ከወንድማችን የተማርነውን ለሌሎች አጥቢያዎች ብናካፍል መልካም ነው ብለናል።

ከመግዛታችሁ በፊት ከዋጋው ቀድማችሁ “መለዋወጫው የት ይገኛል? ማን ይጠግነዋል?” ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ አማራጭ ቁልፍ ካለው አዲስ ሞዴል ይልቅ፣ ብዙ ሰው የሚጠቀምበትና ቀላል የሆነው ይሻላል። ደረሰኙንና የመለያ ቁጥሩን በቤተ ክርስቲያን ፋይል አስቀምጡ።

ከአሜሪካ የሚመጣ ዕቃ ከሆነ ጀርባውን አንብቡ። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ የእኛ 220 ቮልት ነው። የ120 ብቻ የሆነውን በቀጥታ ከሰካችሁት በዚያው ቅጽበት ይቃጠላል፤ ከዕቃው ጉልበት በላይ ዋት የሚችል መቀነሻ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። ለምትልኩልን በውጭ ያላችሁ ወገኖችም፣ ስትገዙ በ220 ወይም በ240 ቮልት የሚሠራውን ምረጡልን።

መብራት ሲሄድ ሁሉንም አጥፉ፤ ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ አብሩ። ጉዳቱ በአብዛኛው የሚደርሰው መብራቱ ተዋዥቆ በሚመለስበት ሰዓት ነው። ስታቢላይዘር ከአምፕሊፋየሩ ጋር አብሮ የሚገዛ እንጂ በኋላ የሚታሰብ ነገር አይደለም።

ጊታር የያዘ ሰው ከንፈሩ ማይክ ሲነካ የሚነዝረው ከሆነ እንደ ቀልድ አትለፉት። የአዳራሹ መስመር ምድር ላይ የተቀበረ አርዝ የለውም ወይም ተቋርጧል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ሰው ሊገድል ይችላልና በኤሌክትሪክ ባለሙያ አስፈትሹ። ቲዩብ ያለውን አምፕሊፋየርም ሙያው የሌለው ሰው አይክፈተው። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ እንኳ በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ከ400 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ።

የሞተውን ዕቃ አትጣሉ፤ የአንዱ ሞት ለሌላው መለዋወጫ ነው። በዓመት በጀታችሁ ውስጥም “ጥገና” የሚል አንድ መስመር ጻፉ። ትንሽ ይሁን፤ ግን እንደ ዮዳሄ ሣጥን ለብቻው ይሁን።

ከሁሉ በላይ ሰዉን ፈልጉ። የምንኖርበት ንፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ መልእክት ያስተላልፍ ከነበረው ጣቢያ ነው፤ አያቶቻችን ቃል በንፋስ ሲመጣ ተደንቀው ሰፈሩን በዚያ ጠሩት። ዛሬም በዚሁ ክፍለ ከተማ መካኒሳ ያለው የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ ሙዚቃ ያስተምራል፤ የንፋስ ስልክ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅም ወጣቶችን በቴክኒክ ሙያ ያሠለጥናል። ጊታር የሚመታውና የሚጠግነው በአንድ ታክሲ ይሄዳሉ፤ እሑድም በአንድ አዳራሽ ይቀመጣሉ። የጎደለው አንዱ ሌላውን ማወቁ ነው።

በአጥቢያችን ያ ወንድም አሁን ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት ወጣቶችን ያስተምራል። አንደኛዋ የአሥራ ስድስት ዓመት እኅት ናት፤ እጇ በብየዳ ከእርሱ እንደሚበልጥ ራሱ ይመሰክራል። ከአጎራባች አጥቢያዎችም ሁለት ሚክሰርና አንድ ኪቦርድ መጥቶላቸዋል። የሚጠገነው ሁሉ በደብተሩ ይመዘገባል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው ፋብሪካው የከለከለን ንድፍ ነው፤ በእርሳስ ተሥሎ፣ በእስክርቢቶ ተስተካክሎ።

የማይተወን ሠሪ

ፋብሪካው “ይህን ሞዴል አናመርትም፤ መለዋወጫም የለንም” ሲል ሕግ አልጣሰም። ሰው የሠራውን ሰው ይተወዋል፤ ንግድ እንዲህ ነው። ነገር ግን እኛን የሠራን እንዲህ አይደለም። ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች በምዕራፍ 1 ቁጥር 6 የሚነግራቸው መተማመን ይህ ነው፤ መልካሙን ሥራ በእነርሱ የጀመረው እስከ ኢየሱስ ክርስቶስ ቀን ድረስ ይፈጽመዋል። ኤርምያስም በሸክላ ሠሪው ቤት ያየው ይህንኑ ነው፤ ዕቃው በእጁ ላይ ሲበላሽ ሠሪው ጭቃውን አልጣለውም።

ምናልባት ይህን የምታነቡ ከእናንተ መካከል በኋላ ወንበር የተቀመጠ፣ “እኔ ጸጋ የለኝም” የሚል ይኖር ይሆናል። ወይም አገልግሎቱ በአንድ ክፉ ቀን “ጧ” ብሎ ዝም ያለበት፣ ሁለት ሦስት ቦታ ሄዶ “ለአንተ መለዋወጫ የለም” የተባለ ይኖራል። ወገኔ፣ ሠሪህ አድራሻውን አልለወጠም። ደረሰኝ አይጠይቅህም፤ ወደ ሌላም አይልክህም። የዋስትናው ጊዜም አላለፈበትም፤ ልጁ በመስቀል ላይ ከፍሎበታልና።

እንጸልይ፦ አባት ሆይ፣ በመካከላችን ያኖርሃቸውን ባለሙያዎች እንድናይ ዓይናችንን ክፈት። በስውር የሚያገለግሉትን እጆች ባርክ፤ የሚያስተምሩትን አበርታ፤ የሚማሩትን አብዛ። ምእመናንህ ከጉድለታቸው የሰጡትን በታማኝነት እንድንጠብቅ እርዳን። ዝም ያለውን ሁሉ አንተ አድስ። በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፤ አሜን።

ጌታ ይባርካችሁ።